ሽማግሌ ተብሎ የተላከው ጢም

አቶ ኃይለ መስቀል ቅዳሜ ጠዋት ጢማቸውን የሚያዩበት ሰዓት አላቸው። በዚያ ሰዓት ስልክ ቢጮኽ አያነሡም፤ በር ቢንኳኳ አይከፍቱም። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ያርሱታል፤ ቀጥሎ ሽታ በሌለው ሳሙና ከሥሩ ጀምረው በጣታቸው ጫፍ ያሹታል፤ ሁለት ጊዜ ያለቀልቁታል። በፎጣ አይፈትጉትም፤ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ይተዉታል። ጠፈፍ ሲል በቀንድ ማበጠሪያ ከጫፉ ይጀምራሉ፤ ቋጠሮው ሲፈታ ከላይ ወደ ታች ያወርዱታል። ከአገጫቸው በታች አራት ጣት ይለካሉ፤ ያለፈውን በትንሿ መቀስ ይቆርጣሉ። ከንፈር ላይ የወረደውንማ ጨርሶ አይምሩትም፤ ሰው ሾርባ ሲጠጣ ጢሙ ሊቀድመው አይገባም ባይ ናቸው። ቅባት የሚባል ነገር አያስነኩትም።

ባለቤታቸው ወርቅነሽ ካረፈች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ፍራንክፈርት፣ ኖርድኤንድ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ለዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያቱ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቃቸው የለም።

ዶርቃ የመጣችው በዚያ ሰዓት ነበር። ደወሉን ደወለች፤ ዝም አሉ። ደገመች፤ ዝም አሉ። በሦስተኛው መቀሳቸውን እንደ ያዙ፣ ጢማቸው እንደ ረጠበ ከፈቱ። ልጅቷን በመልክ ያውቋታል፤ በዓርቡ ገበያ ድንች ሲመርጡ "ሰላም ጋሼ" ብላ የምታልፍ፣ መሀል ከተማው ኢነንሽታት ካሉት ፀጉር ቤቶች ባንዱ የምትሠራ፣ ሠላሳ ያለፋት ፈጣን ልጅ ናት።

"ጋሼ ይቅርታ፣ ቴርሚን ሳልይዝ፣ ያለ ቀጠሮ መጣሁብዎት።"

"የመጣሽበትን ተናገሪ።"

"ታናሽ ወንድሜ ሲራክ ሊያገባ ነው። የልጅቷ ቤተሰቦች ኡንተርሊደርባህ ነው የሚኖሩት። ሽማግሌ እንዲሆኑን ፈልገን ነው።"

መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ፍራንክፈርት ሲኖሩ ሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳውን አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲጭኑ ኖረዋል። በሰው ሰርግ ወንበር ተሸክመዋል፤ በሰው ለቅሶ ሳህን አጥበዋል። "ሽማግሌ ሁኑልን" ያላቸው ግን አልነበረም። ትምህርታቸው እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ሲላክ ዶክተሩና ኢንጂነሩ ነበር የሚላከው። ሽማግሌነት ምን እንደ ሆነ ግን ከነዶክተሩ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። አባታቸው በአገሩ የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። ስለ አንድ ሰው "አውቀዋለሁ" ካሉ ያ ሰው ታወቀ ማለት ነው፤ "አላውቀውም" ካሉ በሬ አይሸጥለትም፣ ልጅ አይዳርለትም። ስለዚህ አንድን ሰው "አውቀዋለሁ" ለማለት አንዳንዴ ዓመት ይፈጅባቸው ነበር።

"እሺ" አሉ አቶ ኃይለ መስቀል። "ግን ልጁን አምጪልኝ። ለማላውቀው ሰው የሰው ልጅ አልለምንም።"

"አመጣዋለሁ ጋሼ፣ ምን ችግር አለው" አለች። ዓይኗ ግን ከጢማቸው ላይ አልተነሣም። "ሊቆርጡት ነበር እንዴ?"

"ትርፉን።"

"የምንሄደው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው፤ እባክዎ እስከዚያ አይንኩት።"

ከጢሜ ምን አላት አሉ በልባቸው። ደስታቸው በለጠና ተዉት።

ማክሰኞ ራሳቸው ደወሉ። "ልጁስ?"

"ሺሽት ላይ ነው ጋሼ፤ የማታ ተራ ገብቶ።"

ሐሙስ ደገሙ። "ከሥራ ገብቶ ተኝቷል" አለች። ዓርብ ሠለሱ።

"ነገ ያገኙት የለ፤ መኪናውን የሚነዳው እሱ ነው። ደግሞስ ቢመጣ ምን ይነግርዎታል? ጥሩ ልጅ ነው። ወንድሜ ነው እኮ።"

"ወንድምሽ መሆኑ ለእኔ ምስክር አይሆንም" ብለው ስልኩን ዘጉ። ነገሩ አልጣማቸውም። ያም ሆኖ ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ ልጁን መንገድ ላይ አገኘዋለሁ፣ በመንገድም ቢሆን ሰው ይታያል ብለው ራሳቸውን አጽናኑ።

ቅዳሜ ዶርቃ ወደምትሠራበት ፀጉር ቤት እንዲመጡ ተነግሯቸው ሄዱ። ጢማቸውን ጎሕ ሲቀድ አጥበው አበጥረው ነበር። ዶርቃ ወንበር ላይ አስቀምጣ ጥቁር ጨርቅ አንገታቸው ላይ አሰረች።

"ታጥቧል" አሉ።

"አይታወቅም" አለች። ጢማቸውን በሁለት ጣት አንሥታ ወደ መብራቱ አዞረችው፤ የገበያ ጎመን እንደምታገላብጥ። "ብጫ አለው ጋሼ። ካሜራ ላይ ቅቤ የነካው ይመስላል።"

"የምን ካሜራ?"

ሐምራዊ ሻምፖ አምጥታ ደፋችበት። ብጫውን ይገድለዋል አለች። በመስታወቱ ውስጥ አገጫቸው ሐምራዊ አረፋ ደፍቆ ሲያዩት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባልተከፈተ ዓይን የሰሙት ሁሉ ይባስ አበሳጫቸው፤ መቀሷ ቅጭ ቅጭ ሲል፣ የፀጉር ማድረቂያው ሲያጓራ። ሲከፍቱት ጢማቸው እንደ ተነደፈ ጥጥ ተነፍቶ ጠበቃቸው። ከዚያ የኮኮናት ቅባት መጣ። እጃቸውን ከጨርቁ ሥር አውጥተው ጋረዱ።

"ቅባት አይነካውም።"

"ትንሽ ነው ጋሼ። ካልተቀባ ይቆማል።"

"ይቁም።"

"ዛሬ ብቻ።" ቀባችው። የላይኛውን ከንፈር ጢም ደግሞ ሰም በመሰለ ነገር ግራና ቀኝ ጠምዛ ሽቅብ አቆመችው። እጇ ሳይቦዝን ጠየቀቻቸው፤ "ለምን ነው ያሳደጉት? ለሃይማኖት ነው?"

"ተላጭ የሚል ጠፍቶ ነው።"

ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሳቸው ግን አልቀለዱም። በአገራቸው ደንብ ሐዘንተኛ በገዛ እጁ ምላጭ አያነሣም። በአርባው ወይ በሰማንያው ሽማግሌ ይመጣና "ይብቃህ፣ ተነሥ፣ ፊትህን ተላጭ" ይለዋል፤ ሐዘኑም በዚያ ይወጣል። ወርቅነሽ ስትሞት ሰው መጥቶ ነበር፤ አርባዋን በልቶ፣ ወንበሩን አጣጥፎ፣ ባቡሩ እንዳያመልጠው እየሮጠ ሄደ። ያን ቃል ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ጠበቁ። ሰማንያው መጣ፤ ጠበቁ። ዓመት ሞላ። ሰው የረሳውን እኔ በራሴ ላይ አልፈርድም ብለው ጢሙን እንደ ልጅ ማሳደግ ጀመሩ። ይህን ለዶርቃ አልነገሯትም። የሚነገራት ዓይነትም አልመሰለቻቸው።

በሩ ተከፍቶ በሪሁን የሚባል የሃምሳ ዓመት ሰው ገባ። የሰርግ መድረክ መሪ ነው፤ ጀርመን አገር ያሉትን አበሾች ግማሹን የዳርኩት እኔ ነኝ ይላል። በአንድ እጁ ነጭ ኩታ፣ በሌላው ከዘራ ይዟል። ቆም ብሎ አቶ ኃይለ መስቀልን ከመስታወቱ ውስጥ አያቸው።

"ይኸውልሽ። ሽማግሌ ማለት ይህ ነው" አለ፤ ለእሳቸው ሳይሆን ለዶርቃ። "ከየት አገኘሻቸው?"

"ከዓርብ ገበያ።"

"የቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ሽማግሌዎች ሁሉ ሙልጭ ብለው ተላጭተው ሱፍ ነው የሚለብሱት። ፊልሙ ላይ የባንክ ሠራተኛ ይመስላሉ።" ኩታውን በእሳቸው ትከሻ ላይ ለካው። "እንግዲህ ጋሼ፣ እርስዎ ምንም ማስታወስ የለብዎትም። ንግግሩን ጽፌዋለሁ። እርስዎ ከዘራውን ይዘው ይቆማሉ። 'አሜን' ስል ጢምዎን በእጅዎ ወደ ታች ዳሰስ ያደርጉታል። እንዲህ። ቀስ ብለው። ሌላ ሥራ የለብዎትም።"

አቶ ኃይለ መስቀል ወደ ዶርቃ ዞሩ።

"አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌ ሁኑልን አላልሽኝም?"

"ነዎት እኮ ጋሼ" አለች፤ ከልቧ ገርሟት። "ሰባ ስድስት ዓመትዎ አይደል?"

ያን ጊዜ ገባቸው። ቃሉ አንድ ነው፤ እሷና እሳቸው ግን አንድ ቃል አልተነጋገሩም። እሳቸው ሽማግሌ ሲባሉ መስካሪ፣ አስታራቂ፣ ቃል ተቀባይ ሆነው ነበር እሺ ያሉት። እሷ የፈለገችው ያረጀ ሰው ነው። ያረጀም አይደለም፤ ጢም ነው የፈለገችው። ጢሙ ብቻውን ተነሥቶ መሄድ የሚችል ቢሆን እሳቸውን ደወል ደውላ ባልጠራቻቸው ነበር። ጥቁሩን ጨርቅ ከአንገታቸው ፈተው ቆሙ።

"ሊሄዱ ነው እንዴ?" አለች ዶርቃ፤ ድምፅዋ ቀጠነ። "ጋሼ፣ ሰዎቹ እየጠበቁ ነው።"

"እመጣለሁ ብያለሁ፤ እመጣለሁ። ቃል ጢም አይደለም፤ ቢቆረጥ መልሶ አይበቅልም።" ወደ በሪሁን ዞሩ። "ሽማግሌ ሦስት ነው። ሦስተኛው የት አለ?"

"ጉንፋን ይዞት ቀረ። ግድ የለም፤ በዚህ ጢም ሦስት ነን።"

መኪናው ውስጥ በሪሁን ከፊት ተቀመጠ፤ እሳቸውን ኩታው እንዳይጨማደድ ብሎ ከኋላ ብቻቸውን አስቀመጣቸው። የሚነዳው ሲራክ ነበር። "እንደምን አደሩ ጋሼ" አለ፤ ዞሮ ግን አላያቸውም። የሚታያቸው ማጅራቱ ነው። አዲስ የተላጨ፣ ቀጥ ያለ መስመር ያለው፣ ከግራ በኩል ትንሽ ጥቁር ነጥብ ያለበት ማጅራት። ኅዳር ነው፤ ውጭው ያንቀጠቅጣል፤ ማጅራቱ ግን አልቦታል።

"አንተ ልጅ፣ ሥራህ ምንድን ነው?" አሉ።

"ሎጂስቲክ ነው ጋሼ" አለ በሪሁን። "ትልቅ መጋዘን።"

"እሱን ነው የጠየቅሁት።"

"አውቶባን ላይ ነን፤ ይንዳበት።" በሪሁን ስልኩን አውጥቶ ንግግሩን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ እስኪደርሱም አላቆመም። አቶ ኃይለ መስቀል ማጅራቱን ሲያዩ፣ ማጅራቱ ሲያልበው፣ ኡንተርሊደርባህ ደረሱ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባም፤ ሲራክ ከጥጉ ማዶ መኪናው ውስጥ ቀረ።

በሩን የከፈተችው የልጅቷ እናት ዘርፈሽዋል ናት። ሁለቱን ሰዎች ወደ ውስጥ አስገብታ አየሩን አሸተተች። "ኬክ ይዛችሁ ነው የመጣችሁት?"

"የለም" አሉ አቶ ኃይለ መስቀል። "ጢሜ ነው።"

ሴትዮዋ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሳሎኑ ውስጥ አባትየው ወንድይራድ ቆሞ ጠበቃቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በፈረቃ የሠራ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ዓይኑ ያልተኛ ሰው። ወንበር አሳያቸው። በደንቡ መሠረት "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" ሊሉ አቶ ኃይለ መስቀል አፋቸውን ሲከፍቱ፣ በሪሁን ቀደማቸውና ያንኑ አለ። ሌላ ስልክ አውጥቶ መደርደሪያው ላይ አቆመ።

"ያ ምንድን ነው?" አለ ወንድይራድ።

"ለማስታወሻ፤ ለልጆቹ ፊልም።"

"በእኔ ቤት ልጅ ስትጠየቅ ፊልም አይነሣም። አጥፋው።"

በሪሁን አጠፋው። ጉሮሮውን ጠርጎ ከሌላው ስልክ ማንበብ ጀመረ። የዚህን ቤት አበባ አይተን፣ መዓዛዋ ስቦን አለ። ልጃችን ሲራክ ትሑት ነው፣ የጸሎት ሰው ነው፣ ለታላላቆቹ የሚታዘዝ ነው አለ። "ኡንበፍሪስተት፣ ጊዜ የማይገድበው ውል ያለው፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሥራውን አጣ የማይባል..." ሲል ስልኩ ጨለመበት። ፊቱን አሳየው፤ አልከፈት አለው። በጣቱ አሸው። "አንድ ጊዜ ይቅርታ" አለ። ጓዳ ውስጥ የሆነ ሰው ሳቀ። ስልኩ በራ፤ ከየት እንዳቋረጠ ጠፍቶት አበባውንና መዓዛውን እንደገና አነበበው።

"አሜን" አለ በመጨረሻ፤ ወደ አቶ ኃይለ መስቀልም ተመለከተ።

እጃቸው ከዘራው ላይ ነበር። ከዚያ አልተነሣም።

"አሜን" አለ በሪሁን ድጋሚ፤ በዓይኑ ወደ ጢሙ እያመለከተ።

ወንድይራድ በሪሁንን ተወው። ፊቱን ወደ ጢሙ አዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጋሼ፣ እኔ በስልክ የተነበበ ነገር አይገባኝም። ባለፈው ዓመት የወንድሜን ልጅ የጠየቁ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ከሰርጉ ወዲህ ስልክ አያነሡም። ሽበት ግን አከብራለሁ። እርስዎ ጢምዎን እንዲህ አድርገው የያዙ ሰው ነዎት፤ አይዋሹኝም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ልጁን ያውቁታል?"

አቶ ኃይለ መስቀል "አዎ" ቢሉ ነገሩ በዚያ ያልቃል። አባትየው ደስ ሊለው ተዘጋጅቷል። ልጁም ጥሩ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ማን ያውቃል። አንዲት ቃል ናት። አባታቸው ዓመት ይፈጁባት የነበረችው ያችው ቃል ናት።

"ማጅራቱን አውቃለሁ" አሉ።

ወንድይራድ የሰማውን አላመነም። "ምን አሉ?"

"ማጅራቱን ነው የማውቀው። ከፀጉር ቤቱ ጀምሮ እስከ እናንተ ደጅ ሳየው መጥቻለሁ። ንጹሕ ነው፤ አልቦታል። ፊቱን አላሳዩኝም። ሳምንት ሙሉ አምጡልኝ ብያለሁ፤ ሺሽት ነው፣ እንቅልፍ ነው አሉኝ። ስሙንም የነገረችኝ እህቱ ናት።"

"ጋሼ ቀልደኛ ናቸው" አለ በሪሁን።

"አንተ ዝም በል። ዝም ብለው ይቁሙ ያልከኝ አንተ ነህ፤ ዛሬ ተራው የአንተ ነው።" ኩታውን ከትከሻቸው ሰብስበው ወንበሩ ላይ ጣሉት። "ይህ ልብስ የሱ ነው። ከዘራውም የሱ ነው። ቅባቱም የእህትየዋ ነው። የእኔ የሆነ ጢሙ ብቻ ነበር፤ እሱንም እንደ ሙሽራ ሲኳኩሉት ዋሉ። ሽማግሌ ሁኑልን ብለው ቢጠሩኝ ሰው መስዬአቸው መጣሁ። የጠሩት ግን ጢሜን ኖሯል። አንቱ ደግሞ..." አሉና ወደ ወንድይራድ ዞሩ፤ ቁጣቸው ከአንቱታው ቀደመ፤ "አንተ ደግሞ ጢም አይተህ ልታምን ነው? ልጅህን? ጢም የሚያስከብር ቢሆን ፍየል ዳኛ ትሆን ነበር። ያን ጊዜ የወንድምህን ልጅ የጠየቁትም ሽበት አላጡ ይሆናል። ስማቸውን ጠይቀሃቸዋል? ቤታቸውን ታውቃለህ? የእኔንስ ስም ጠየቅኸኝ?"

ወንድይራድ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ።

የጓዳው በር ተከፈተና ልጅቷ ሐሴት ወጣች። እንድትወጣ አልተጠራችም። በጀርመንኛ፣ ለአባቷ፣ ቃል በቃል እየረገጠች ተናገረች፤ እኔን የጠየቀኝ አለ ወይ፣ አራት ዓመት የማውቀው እኔ ነኝ አለች።

"ምን አለች?" አሉ አቶ ኃይለ መስቀል፤ ገብቷቸው ነበር።

"እኔ አውቀዋለሁ ነው የምትለው" አለች እናትየዋ።

"ልክ ናት። እዚህ ካለነው ሁሉ 'አውቀዋለሁ' ማለት የሚገባት እሷ ናት።"

"እሷ ታውቀዋለች" አለ ወንድይራድ በዝግታ፤ "እኔ ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰላምታ በስተቀር አላውቀውም። ሽማግሌ የሚላከው ለማያውቀው ነው።" አገጩን አሻሸ፤ የተላጨ አገጩን። "ጋሼ፣ ስምዎ ማን ይባላል?"

"ኃይለ መስቀል።"

"ጋሼ ኃይለ መስቀል፣ ቀጠሮ እሰጣለሁ። ሦስት ወር። ልጁን ይወቁትና ይምጡ፤ እርስዎ ብቻዎን። ጥሩ ነው ካሉኝ እሰማለሁ። አይረባም ካሉኝም እሰማለሁ።"

ይህም አስቆጣቸው። ከጢምነት አውጥቶ ደግሞ መርማሪ ሊያደርገኝ ነው አሉ በልባቸው። ግን ከጠዋት ጀምሮ ከሰሙት ሁሉ ሽማግሌን ሽማግሌ ያለ ንግግር ይኸኛው ብቻ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ። የቀረበላቸውን ሻይ ግማሹን ጠጥተው ወጡ።

ውጭ በሪሁን ኩታውን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ቀደማቸው። "አፈረሱት" አለ። "ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ሽማግሌ አላየሁም።"

"ሽማግሌ አይተህ ስለማታውቅ ነው።"

በሪሁን መኪናው ውስጥ ገብቶ ለዶርቃ ደወለ፤ በተዘጋው መስኮት ጩኸቱ ይሰማል። ሲራክ ከመሪው ጀርባ ሆኖ ቀና ብሎ አያቸው። ፊቱን ያዩት ያን ጊዜ ነው። ሃያ ስምንት ቢሆነው ነው፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

"አንተ ውረድ" አሉት። "እኔ በባቡር ነው የምሄደው። እስከ ሆኽስት ጣቢያ ትሸኘኛለህ።"

ወረደ። ጃኬቱን ሳይዘጋ ከኋላቸው ተከተለ።

"ከጎኔ ሂድ።"

ከጎናቸው ሆነ። "ጋሼ፣ ምን አሏችሁ?"

"ሦስት ወር። እንዳውቅህ። በል ጀምር፤ ሥራህ ምንድን ነው?"

አንድ ትራፊክ መብራት ተሻገሩ። የሚቀጥለው ጋ ቀይ ያዛቸው፤ መኪና ባይኖርም ቆሙ።

"ሥራ የለኝም" አለ።

"በሪሁን ኡንበፍሪስተት ብሎ አነበበ።"

"ውሌ የአንድ ዓመት ነበር። ከሁለት ወር በፊት አለቀ፤ አላደሱልኝም።"

"ሺሽቱስ? የማታ ተራው?"

"ሺሽት የለም። ዶርቃ ናት ያለችዎት። እኔ መዋሸት አልችልበትም ጋሼ፤ ፊቴ ያሳብቅብኛል። እርስዎ ፊት ከቀረበ ይናገራል ብላ ነው የደበቀችኝ።"

"ልጅቷ ታውቃለች?"

"ሐሴት ከመጀመሪያው ቀን ታውቃለች። አባቷን ነው የፈራነው።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አቶ ኃይለ መስቀል አልተራመዱም። እጃቸው ሳያስቡት ወደ ጢማቸው ሄደ፤ ቅባቱ ተጣበቀባቸው፤ በመሐረብ ጠረጉት። በዚያ "አሜን" ላይ አንድ ጊዜ ዳሰስ አድርገውት ቢሆን ኖሮ፣ ይህን ሁሉ አውቀው የመሰከሩ ሰው ይሆኑ ነበር። ወንድይራድ ከሰርጉ ማግስት እውነቱን ሲሰማ የሚያስታውሰው በሪሁንን አይደለም፤ የሚያስታውሰው ይህን ጢም ነው። በዶርቃ ነደዱ፣ በበሪሁን ነደዱ፤ ይህን ልጅ ግን ሲያዩት የሚነዱበት ቦታ አጡ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጠየቁት፤ ወዲያው ነገራቸው።

"ተመለስ" አሉት።

"ወዴት?"

"ወደ ቤታቸው።"

"ጋሼ፣ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባም፤ ደንቡ..."

"ደንብ ዛሬ ነው ትዝ ያላችሁ?" ክንዱን ያዙት። ሠላሳ ዓመት ሻንጣ ያነሣ እጅ ነው፤ ልጁ አልታገለም። "ለእኔ የነገርከኝን ለእሱ ትነግረዋለህ። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱ ያውቃል።"

"ቢያባርረኝስ?"

"ያባርርሃል። እውነቱን ሰምቶ ያባርርህ።"

በመጡበት ተመለሱ። በመኪናው በኩል ሲያልፉ በሪሁን ስልኩን ከጆሮው አውርዶ አፉን ከፍቶ ቀረ። ልጁ ሁለት ጊዜ ቆመ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጠበቁት፤ አልጎተቱትም። ሦስተኛ አልቆመም። ጃኬቱን ዘጋ።

ደወሉን የደወሉት አቶ ኃይለ መስቀል ናቸው። የከፈተው ወንድይራድ ራሱ ነበር፤ ከትከሻቸው በስተጀርባ የቆመውን ገና አላየም።

"ጋሼ፣ ምን ረስተው ነው?"

"ልጁን" አሉ፤ ክንዱን ይዘውም ከፊታቸው አቆሙት።